ለአንድ ወገብ ሦስት ራጅ

የወገብ ራጅ የሚነሱት በየዓመቱ በተወለዱበት ወር ነው። የኔ ጥቅምት ላይ ይውላል። ጠዋት ሸሚዝ አውልቆ፣ ቀበቶ ፈቶ፣ ብረት የሆነውን ነገር ሁሉ አራግፎ መግባት ነው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይነሳሉ፤ አንዴ ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ወደፊት ጎንበስ ብሎ፣ አንዴ ወደኋላ ተለጥጦ። የታችኛው ወገብ አጥንቶች በሦስቱም ፎቶ ላይ ቦታቸውን ካልለቀቁ ሰውየው «ጽኑ» ይባላል። አንደኛው አጥንት በሌላኛው ላይ ከአራት ሚሊ ሜትር በላይ ከተንሸራተተ «ልል» ይባላል። ከሰዓት በኋላ የሚኖርበት ፎቅ ይነገረዋል።

እኔ ጽኑ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ የሚወጣ ሰው የሚኩራራበት ትንፋሽ አይተርፈውም።

ሰፈራችን በወረቀት ላይ ሌላ ስም አለው፤ ሰዉ ግን ሰማይ ሰፈር ይለዋል። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ድሮ የጤፍ ማሳ በነበረ ሜዳ ላይ የተደረደሩ ባለ አርባ ፎቅ ሕንፃዎች ናቸው። አባቴ ሲያወራ እንደሰማሁት በእሱ ዘመን ሰው የሚጸልየው የቤት ዕጣ እንዲወጣለት ነበር። አሁን ቤት ለሁሉም ይዳረሳል፤ የሚጸለየው ለፎቁ ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ሊፍት አለው። ሊፍቱ ለዕቃና ለሬሳ ነው። ሰው በእግሩ ይወጣል። ደረጃ መውጣት ለጤና ጥሩ ነው እየተባለ ይነገረናል፤ ይህን የሚነግሩን ሰዎች ሁሉ ታች ይኖራሉ።

ባለቤቴ ስንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አልተፋታንም፤ አልተጣላንምም። ራጇ ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ተገኘባትና «ልል» ተብላ ወረደች፤ እኔ «ጽኑ» ተብዬ ላይ ቀረሁ። ደንቡ «ወገብ የግል ነው» ይላል። ልል ሰው ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ልውጣ ቢል የደረጃው በር አረማመዱን ስለሚያውቅ አይከፈትለትም። ጽኑ ሰው ደግሞ ታች ማደር አይፈቀድለትም፤ የሌላ ሰው ወገብ ቦታ መቀማት ይሆንበታል። ስለዚህ በየምሽቱ ከሥራ ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ገብቼ እራቴን እበላለሁ፣ የዋልኩበትን አወራለሁ፣ ከዚያ አባትየው ሳይመጡ ከልጅቷ ቤት እንደሚወጣ ጎረምሳ ጫማዬን አጥልቄ ሹልክ እላለሁ። ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ኮቴዬን ታዳምጣለች። እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ ይሰማኛል ትላለች።

ከተለያየን ሦስት ዓመት አለፈን። ደንቡ አራተኛው ዓመት ላይ ይቆማል፤ አራት ዓመት በተለያየ ፎቅ የኖሩ ባልና ሚስት እንደተለያዩ ይመዘገባሉ፤ ታች ባለው ቤት ውስጥ የባል ቦታ ለሌላ ልል ይሰጣል። ዘንድሮ ጥቅምት ካልወረድኩ ስንዱ ከማታውቃት ሴት ጋር ትኖራለች፤ እኔም በየምሽቱ እራት የምበላበት ቤት አይኖረኝም። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሌላ ሚስት ልፈልግ ብል እንኳ በዚህ ትንፋሼ የት ድረስ እሄዳለሁ?

ደግነቱ ወገቤ ታመመ። ከሁለት ዓመት ወዲህ አሥረኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ግራ እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል። ከዳሌዬ በላይ፣ ያልተቆለፈ መሳቢያ እንደሚንሸራተት አንድ ነገር ቦታውን ሲለቅ ይሰማኛል። ይህን ለስንዱ በነገርኳት ምሽት እጆቿን አጨብጭባ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። ከልቧ ነበር። ወዲያው ተነስታ ጫማዬን የት እንደምናስቀምጥ ማሰብ ጀመረች።

ግን አምና ተነሳሁ፤ ጽኑ። ካቻምናም ተነስቼ ነበር፤ ያኔም ጽኑ። እያነከስኩ ገብቼ እያነከስኩ የወጣሁ ሰው፣ በመሐል ጽኑ ሆኜ ነበር ማለት ነው። ስንዱ ጥፋቱን ከሥራዬ አገኘችው።

ሥራዬ ሰላምታ ነው። በከተማው መሐል ባለ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ቆሜ ለገቢና ወጪው ጎንበስ እላለሁ። በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ወንበሩ ራሱ ይመጣል፣ ሻዩ ራሱ ይፈላል። ጎንበስ የሚል ማሽንም ሞክረው ነበር፤ እንግዶቹ ሳቁበትና እኔ ተረፍኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ጎንበስ ቀና ስል ኖሬ አንድ ጥበብ አግኝቻለሁ፤ ወገብ ሳይነካ ማጎንበስ ይቻላል። አንገት ዝቅ፣ ትከሻ ሰብሰብ፣ ጉልበት ትንሽ ሸብረክ፣ ከዳሌ እጥፍ፣ ቀኝ እጅ ደረት ላይ። ለሚያየው ሰው መሬት የሳምኩ እመስላለሁ፤ ወገቤ ግን እቤቱ ተቀምጧል። የሙያ ጓደኞቼ በዚህ ጥበብ ይቀኑብኛል። የራጅ ማሽኑ ግን ሙያ አይገባውም።

ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ማጎንበስ ተለማመድኩ። ከእራት በኋላ ስንዱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታዝዘኛለች።

«ዝቅ በል እንጂ። አሁንም ለአለቃህ ነው የምታጎነብሰው።»

«ታዲያ ለማን ላጎንብስ?»

«ለማንም። ቁልፉ አልጋ ሥር የገባበት ሰው ሆነህ ጎንበስ በል።»

ስንዱ ፊት ሲሆን ይሆንልኛል። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ስለሆነች ምን ያህል ጨዋ እንደሆንኩ ላሳያት የምሞክረው ነገር የለም። ወገቤ ከልቡ እጥፍ ይላል፣ መሳቢያው ይንሸራተታል፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ «ጎሽ» ትላለች። ጎረቤቶቻችን ምን እንደሚያስቡ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰና ገባሁ። የራጁን ክፍል የሚመሩት ጋሽ ደርቤ ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ የሕንፃችን እድር ዳኛም እሳቸው ናቸው፤ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሞተ የሚቀበረው በሳቸው ቃል ነው። ማሽኑ ያለ እሳቸው መሥራት ይችላል ይባላል፤ ግን ደንቡ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ይኑር ስለሚል ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ በጋቢያቸው ላይ ደርበው አጠገቤ ይቆማሉ።

«ደህና ነህ ልጄ? ስንዱስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ።»

«ቀጥ ብለው ይቁሙ» አለ ማሽኑ። ቆምኩ። ቀጭ አለ።

«ወደፊት ጎንበስ ይበሉ» አለ። አልጋ ሥር የገባውን ቁልፍ አሰብኩ። ወረድኩ። ጉልበቴን አልፌ ወረድኩ። መሳቢያው መንቀሳቀስ ሲጀምር ተሰማኝና በልቤ ስንዱን ጠራሁ። ከዚያ ማሽኑ ቀጭ አለ፤ ቀጥሎ «ወደኋላ ይለጠጡ» አለኝ። እዚህ ላይ ትንሽ አፈርኩ። ትልቅ ሰው ፊት ሆድን ቀብትቶ ወደኋላ መለጠጥ የሰካራምና የሹም ወግ ነው። ቢሆንም ለስንዱ ስል አገጬን ከፍ አደረግኩ።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ጽኑ፤ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ።

ያን ዕለት እራት አልበላሁም። ስንዱም አላባበለችኝም። ሦስቱን ፎቶዎች ግድግዳው ላይ አብርታ ጎን ለጎን አየቻቸው፤ ቀረብ ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ወገቧን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«ገላነህ፣ ሦስቱም አንድ ፎቶ ነው።»

እውነቷን ነው። የመጀመሪያው ላይ ቀጥ ያለ ሰው አለ። ሁለተኛው ላይ ቀጥ ያለ ሰው አለ። ሦስተኛው ላይ አገጩን ትንሽ ያነሳ ቀጥ ያለ ሰው አለ።

«እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ነበር» አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጋሽ ደርቤ ‹ኧረ አይገባም፣ ቀና በል ልጄ› አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ቀና አልኩ።»

ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? ትልቅ ሰው ፊት ጎንበስ ስትል ትልቁ ሰው ቀና በል ይልሃል፤ ሲልህ ቀና ትላለህ። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም፤ እሳቸውንም አላስተማራቸውም። ማሽኑ የሚያነሳው ትእዛዙን ከሰጠ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ያቺ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንድ ጨዋ ሽማግሌ «ኧረ አይገባም» ለማለት የምትበቃ ናት።

«አንቺስ?» አልኳት፤ «አንቺን ቀና በይ አላሉሽም?»

«ብለውኛል። እኔ ግን ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ተያዘ። ቀና ልበል ብል እምቢ አለኝ። እሳቸው ቀና በይ፣ ቀና በይ እያሉ ይለምኑኛል፣ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በዚህ መሐል ማሽኑ ቀጭ አለ።»

ያን ምሽት ወደ ላይ ስወጣ በየመታጠፊያው ያገኘኋቸውን ጎረቤቶች ጠየቅኩ። ሃያ ስምንተኛ ፎቅ የሚኖረው ቢተው እግሩን እየጎተተ ደረጃ ሲወጣ አገኘሁት።

«ጋሽ ደርቤ ራጅ ሲያነሱህ ምን አሉህ?»

«ቀና በል አሉኝ» አለ። «ጨዋ ሰው ናቸው።»

ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊም፣ ሃያ ስድስተኛ ያሉት ጡረተኛም ያሉኝ ይህንኑ ነው። አንደኛው ጎረቤቴ እንደውም ጎንበስ እንዳለ «ያ የታመመው ወንድምህ እንዴት ሆነ?» ብለው ስለጠየቁት ቀና ብሎ በዝርዝር አስረድቷቸዋል። ፎቶው ላይ አፉ ተከፍቶ ይታያል።

በማግስቱ የሕንፃው አስተዳደር ሄድኩ። ወይዘሪት ሶልያና የምትባል ትሑት ልጅ ተቀበለችኝ፤ ገና ስገባ ጎንበስ ስላልኩላት እሷም ጎንበስ አለች።

«ድጋሚ ራጅ የሚፈቀደው ባለሙያው ራሱ ስህተት ነበረ ብሎ ሲጠይቅ ነው» አለችኝ። «ጋሽ ደርቤን ያነጋግሯቸው።»

ጋሽ ደርቤን ተሳስተዋል ማለት። እኔ። ሚስቴን ላጣ ነው፣ ቢሆንም ሁለት ቀን አመነታሁ። ሽማግሌ ልልክባቸው አሰብኩ፤ ግን በሕንፃው ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ የሚላኩት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ስንዱ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ እጄን ይዛ ሁለተኛ ፎቅ ቤታቸው ወሰደችኝ።

ገባን፤ ተቀመጥን፤ ስለ ዝናቡ አነሳሁ። ስለ እድሩ ድንኳን አነሳሁ። ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኩ። ስለ ዝናቡ ደግሜ ላነሳ ስል ስንዱ ጣልቃ ገባች።

«ጋሼ፣ ገላነህ ራጅ ሊነሳ ጎንበስ ሲል እርስዎ ቀና በል ይሉታል። ስለዚህ ማሽኑ ቀጥ እንዳለ ያነሳዋል። ወገቡ የታመመ ሰው ነው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ከዚያ ቀስ ብለው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ ሰው ፊቴ ሲያጎነብስልኝ ዝም ብዬ ልየው? እኔ ምን ሆንኩና?»

«ለእርስዎ አይደለም ጋሼ። ለማሽኑ ነው።»

«ቆሜ ያለሁት እኔ ነኝ እንጂ።» ትንሽ አሰቡ። «ሁሉንም እንዲያ ነው የምላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።» ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «ስንቱን ሰው ነው ላይ የሰቀልኩት?»

ጋሽ ደርቤ ያኔውኑ ወይዘሪት ሶልያናን ጠርተው፣ በኔ ራጅ ላይ ስህተት የሠሩት እሳቸው መሆናቸውን አስታወቁ። ከቤታቸው ስንወጣ ያሰብኩት የራሴን ወገብ ብቻ እንደነበር ገባኝ።

ድጋሚው ራጅ በሳምንቱ ሆነ። ጋሽ ደርቤ ላይናገሩ ምለው የጋቢያቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ቆሙ። ጎንበስ አልኩ። አልተናገሩም። ግን እጃቸው መሐላ አልነበረበትም፤ ሄዶ ትከሻዬን ያዘና ቀና አደረገኝ። ፎቶው ላይ ከቀጥ ያለው አከርካሪዬ በላይ የአምስት ጣት አጥንት በደንብ ተነስቶ ወጣ።

«ተቀምጦም ይቻላል» አሉ አፍረው። ወንበር መጣ። እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ አልቻልኩም። «ተቀመጥ እንጂ።» «እርስዎ ይቀመጡ።» «በሞቴ።» «ኧረ በኔ ሞት።» ማሽኑ «እባክዎ ይቀመጡ» ሲል ሁለታችንም ከወንበሩ ፈንጠር ብለን ቆመን ነበር። ተኝቶ ማንሳትም አለ፤ አጥንቱ ሲተኙ ወደ ቦታው ተመልሶ ሲቆሙ እንደሚንሸራተት የሚታወቀው እንዲያ ነው አሉኝ። ጋደም አልኩ። እግሬ ወደሳቸው መዘርጋቱን ሳይ ግን ሰብሰብ ብዬ ተነሳሁ። ማሽኑ ሁለታችንንም ታግሶ ጠበቀን። በዚያ ክፍል ውስጥ ስድብ የማያውቀው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ደርቤ ተነፈሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡ።

«እኔ የለሁም» አሉ ከጋቢው ውስጥ። «ስንዱን ጥራት።»

ደጅ ስትጠብቅ የነበረችው ስንዱ በሩን ገርበብ አድርጋ ከውጭ ቆመች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ገላነህ» አለች፤ «ጎንበስ በል። ለኔ ነው።»

ጎንበስ አልኩ። መሳቢያው እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ከወገቤ እስከ እግሬ ጣት እሳት ወረደ። ቀጭ ሲል ሰማሁ። «አሁን ተለጠጥ፤ ሹም ነህ» አለች፤ ተለጠጥኩ፤ ደግሞ ቀጭ አለ። ጋሽ ደርቤ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላሉ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ግማሹ ከሕመም ነው።

ስምንት ሚሊ ሜትር። ልል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከባለቤቱ ጋር።

ቀጥሎ ስለነበረው ሦስት ሳምንት ብዙ አልጽፍም። ፍራሼ በሊፍት ወረደ። ከእራት በኋላ ጫማዬን ማጥለቅ ቀረ። የመጀመሪያው ሌሊት በልማድ ተነስቼ በሩን ስከፍት ስንዱ በጨለማ ውስጥ «ወዴት ነው?» አለችኝ፤ ተመልሼ ተኛሁ። ደስተኛ ነበርኩ። በሥራ ቦታ እንኳ ሳይከፈለኝ ፈገግ ስል ተይዣለሁ።

በዚህ መሐል ጋሽ ደርቤ እንቅልፍ አጥተው ነበር። ሕሊና ያለው ሰው ችግሩ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ብቻ አውርዶ አይተኛም። የሕንፃው ሰው ሁሉ ድጋሚ እንዲነሳ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆሙ፤ ሰዉ እየገባ ከልቡ ጎንበስ አለ። የቢተው ወገብ ሰባት ሚሊ ሜትር ሆነ። የልብስ ሰፊዋ ስድስት። አፉን ከፍቶ የተነሳው ጎረቤቴ ስምንት። የሳቸው የራሳቸውም ሲነሳ ሰባት ወጣ። ከሃያኛ ፎቅ በላይ ከሚኖረው ሕዝብ ጽኑ ሆኖ የተገኘው ጥቂት ነው፤ እሱም ወጣት ስለሆነ ነው ተብሏል።

ታች ያሉት አምስት ፎቆች ሞሉ። ኮሪደር ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተከለ፤ ማንም ሳይሞት። ላይ ያሉት ፎቆች ባዷቸውን መብራት እያበሩ ያድሩ ጀመር። ከሌሎቹ ሕንፃዎችም ሰዎች መጥተው ጋሽ ደርቤ የዞሩበት ግድግዳ የት ጋ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ከዚያ በየቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ጠዋት ማስታወቂያ በራ። «በተደረገው ጥናት መሠረት የልልነት መነሻ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። የሕንፃችን ነዋሪዎች የወገብ ጤና በእጅጉ መሻሻሉን ስናበስር ደስ ይለናል።» ማታ ልል ሆነን ተኝተን ጠዋት ጽኑ ሆነን ተነሳን። ወገቤን ዳሰስኩት፤ ማስታወቂያውን አልሰማም፤ እንደትናንቱ ያማል።

ከማስታወቂያው ሥር የየሰዉ አዲስ ፎቅ ተጽፏል። ስንዱ አምስት ሚሊ ሜትር፣ ጽኑ። እኔ ስምንት፣ ጽኑ። ሁለታችንም ጽኑ ስለሆንን እንደ ባልና ሚስት አንድ ቤት ተሰጠን። ሠላሳ አንደኛ ፎቅ።

ማፈር ነበረብኝ። እኔ ሚስቴን ላግኝ ብዬ የነካካሁት ነገር ስንቱን ሰው ይዞ ወጣ። ግን የተሰማኝ እውነቱን ለመናገር ደስታ ነው።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አልኳት።

«ድግሱ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው» አለች ስንዱና ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

ዕቃው በሊፍት ወጣ፤ እኛ በእግራችን። አምስተኛ ፎቅ ላይ የደረጃው በር ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተላት፤ ትንሽ ቆም ብላ አየችውና አለፈች። ዘጠነኛ ላይ «ኮቴህ የሚጠፋብኝ እዚህ ጋ ነበር» አለች። አሥራ አንደኛው መታጠፊያ ላይ ጋሽ ደርቤ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀምጠው አገኘናቸው። ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል እጃቸው ሊያነሳኝ ተዘረጋ፤ መሐል ላይ ቆመና ጭናቸው ላይ ተመለሰ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ። «አንተን ላውርድ ብዬ እሷን ሰቀልኳት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይቅርታ የምጠይቀውስ እኔ ነኝ» አልኩ። ስንዱ ከቋጠሮዋ ዳቦ አውጥታ ግማሹን ተወችላቸው።

አሥራ ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ቀኝ እግሯ አልታዘዛት አለ። ተቀመጠች። እኔም ግራ እግሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሁለታችን መሐል ሁለት ደህና እግር ነበረን፤ ግን አንድ ሰው ላይ አልነበሩም። ሊፍቱ ዕቃችንን ይዞ ከግድግዳው ጀርባ ሲያልፍ ሰማነው።

«ሊፍቱ ላይ ልጫንሽ?»

«ዕቃ ነኝ ብዬ ልፈርም?»

ሊፍቱም ቢሆን ልብ የሚመታ ነገር ከተጫነበት አይነሳም። ስለዚህ እዚያው ዋልን፤ እዚያው መሸብን። ፍራሹን ሊፍቱ መልሶ አወረደልን፤ ዕቃ የፈለገበት ቦታ መውረድ ይችላል። መታጠፊያ ፎቅ ስላልሆነ ደንቡ ስለ መታጠፊያ ምንም አይልም፤ ወይዘሪት ሶልያናን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ቢተው አሥራ አራተኛው ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ አሥራ ስድስተኛው ላይ ናት፤ መኪናዋን አስወርዳ መስፋት ጀምራለች። ላይ ያለው ቤታችን ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የገባንበት ግን አንድም ቀን የለም። እኔ በየጠዋቱ ወርጄ ለሰው ጎንበስ እላለሁ፤ በየማታው እየተንጠላጠልኩ አሥራ ሰባት እደርሳለሁ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እግራችንን እንዳይረግጥ ጠጋ ብሎ፣ እንዴት አደራችሁ ብሎ ያልፋል።

ትናንት ማታ የሚያልፈው ሰው ሲያልቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ቤቷን፣ መስኮቱንና ያሰናዳችልኝን የጫማ ቦታ አስታወስኩና ሳልፈልገው አፌ ጠየቀ።

«ተቀየምሽኝ?»

ስንዱ ወደ ግድግዳው ዞራ ጋደም ብላ ነበር።

«ጀርባዬን እሽልኝ» አለች።

ከትከሻዋ ጀምሬ ወደ ታች ማሸት ጀመርኩ። የቱ ጋ እንደሚያማት አልነገረችኝም፤ እጄ ራሱ አገኘው፤ እኔንም የሚያመኝ እዚያው ላይ ነው።